የውሻህን ውሃ ስፈር

ልጄ፣ የላክኸው የምርመራ ወረቀት ደርሶኛል። ክሬያቲኒን፣ ኩላሊት ከደም ሊያወጣው የሚገባው ቆሻሻ፣ 5.8 ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእጅህ «ጋሼ፣ ቦቢ ይድናል ወይስ አይድንም?» ብለህ ጽፈሃል። የጠየቅኸው በአንድ መስመር ነው፤ እኔ ግን በአንድ መስመር መመለስ አልችልም። ቡናህን ይዘህ ቁጭ በልና አንብበው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ከአርባ ምንጭ አርባዎቹ ምንጮች ለሚጠጣ የከተማ ልጅ የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ በመጀመሪያው ግን ትንሽ ታገሠኝ። ውሻም እንደ እኛው ሁለት ኩላሊት አለው። ሰው ሁሉ «ደም ያጣራል» ብሎ ያልፈዋል እንጂ የኩላሊት ሥራ ብዙ ነው። ሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ይመጥናል፣ የጨውን ልክ ይጠብቃል፣ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፣ መቅኒ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል። ፈጣሪ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ አትርፎ ሰጥቶታል። መከራው የሚመጣው ከዚሁ ትርፍ ነው። ከማጣሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛው እስኪያልቅ ድረስ ሽንቱ አይቀጥንም፤ ሦስት አራተኛው እስኪያልቅ ድረስ የደም ምርመራው ትንፍሽ አይልም። ውሻው ግን ይበላል፣ ይላፋል፣ ሌሊት ይጮኻል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ በእጅህ ያለው ወረቀት የጮኸው ብዙው ከተበላ በኋላ ነው።

የእንስሳት ኩላሊት ሐኪሞች በዓለም ላይ የተስማሙበት አከፋፈል አራት ደረጃ አለው። ለውሻ ክሬያቲኒኑ ከ1.4 በታች ከሆነ የመጀመሪያው፣ እስከ 2.8 ሁለተኛው፣ ከ2.9 እስከ 5 ሦስተኛው፣ ከ5 ካለፈ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። በቁጥር ብቻ ከሄድን ቦቢ አራተኛው ውስጥ ገብቷል። ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና አንተ ሞኙን አትሁን። ሲያስመልሰው የሰነበተና ውሃ ያለቀበት ውሻ፣ ኩላሊቱ ደኅና ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ይወጣል። ደረጃ የሚሰጠው ውሻው ከተረጋጋ፣ የጎደለው ፈሳሽ ከተተካለትና ምርመራው ከተደገመ በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ይዘህ ማልቀስም ተስፋ መቁረጥም አትጀምር።

ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ ይኼን ነው፦ በሽታው የመጣው በዚህ ሳምንት ነው ወይስ ከቆየ? ድንገተኛ የኩላሊት መጎዳት የሚባል አለ። ባለፈው ሳምንት ሲሮጥ የነበረ ውሻ በድንገት ያስመልሰዋል፣ ይተኛል፣ ሽንቱ ያንሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል፣ አንዳንዴ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል። ይኼኛው ያስደነግጣል፤ ቶሎ ከተደረሰለት ግን ሊመለስ የሚችለው እሱ ነው። የቆየው ደግሞ በወራት የመጣ ነው። ሥጋው ያልቃል፣ ጠጉሩ ይሞታል፣ ድዱ ይነጣል፣ ውሃ ያበዛል። በዚህኛው የጠፋው አይመለስም፤ ሥራው የቀረውን መጠበቅ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚባለው ለዚህ የተተረተ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ደብዳቤህ ላይ «ውሃ መጠጣቱን አስተውለን ነበር፤ ግን ሙቀቱ ነው አልን» ብለሃል። ጡረታ ሳልወጣ ከጨንቻ እስከ ምዕራብ ዓባያ ከብት ሳክም «ሙቀቱ ነው» የምትለዋን ቃል ሰምቼ አልጠገብኳትም። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ብርድና ጉም ነው፤ እዚያ ውሻ ውሃ ሲያዘወትር ሕፃኑም ያያል። አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ሰውም ውሻም ሲያለከልክ ይውላል፤ በሽታው ከሙቀቱ ጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ በዓይን አትገምት፣ ስፈር። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ በሞቀ ቀን ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ አልደነግጥም። በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ግን ምክንያት ይፈለግለታል። ቦቢ ሃያ ኪሎ ገደማ ነው ብለሃል። የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ያዝ። ጠዋት ሳህኑን ደፍተህ አንድ ጠርሙስ ሙላለት፣ ሲያልቅ ሌላ ጨምር፣ ማታ የተረፈውን መልሰህ ስፈር። በቀን አንድ ጠርሙስ ገደማ ከሆነ ደግ ነው። ሁለት ጠርሙስ አልቆ ሦስተኛውን ከጀመረ ኩላሊቱ ውሃ መያዝ አቅቶታል፣ ወይም የስኳር በሽታ አለ፣ ወይም ሴት ውሻ ከሆነች ማሕፀኗ መግል ቋጥሯል። ሦስት ቀን ለክተህ ጻፈው፤ ግቢው ውስጥ ሌላ የሚጠጣ እንስሳ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቅ። ዳክዬህ ከዚያው ሳህን ከጠጣች ሒሳቡን ሁሉ ውሃ በላው።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ቤት ውስጥ እየሸና አስቸገረ ተብሎ ውሃ የሚከለከል ውሻ ብዙ አይቻለሁ። የኩላሊት ውሻ የሚጠጣው ስለሚሸና ነው፤ የሚሸናው ስለሚጠጣ አይደለም። ውሃውን ከነሣኸው በሁለት ቀን ውስጥ ይደርቅና የቀረው ማጣሪያ ያልቃል። ምንጣፉ ይታጠባል፤ ሳህኑን ሌሊትም አታንሣ።

ሁለተኛው የምታየው አፉን ነው። በመጨረሻው ደረጃ ደም ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ አፍን ያቆስላል። የእጅ ባትሪ ይዘህ ከጎኑ ተቀመጥ፤ ከንፈሩን ከጥርሱ ላይ በአውራ ጣትህ ቀስ አድርገህ ግለጠው። ድዱ ሮዝ መሆን ሲገባው ነጥቶ ወረቀት ይመስላል። የምላሱ ጠርዝ ላይ ዳር ዳሩ የተበላ ግራጫ ቁስል ታያለህ። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። እንዲህ ያለ ውሻ ምግብ አሽትቶ ይመለሳል፤ ሰው «ኮርቷል፣ ሥጋ ለምዶ ነው» ይለዋል። ኩራት አይደለም፤ አፉ እየተቃጠለ ነው፣ ሆዱም ይገለበጥበታል።

ቆይ፣ ይኼን ያልኩህ ቦቢ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደወሰደ ስለማውቅ ነው። ያልተከተበ ወይም ታሪኩን የማታውቀው ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንገዳገደ፣ መዋጥ አቅቶት ብታየው ከንፈሩን አትግለጥ። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ የሚከት ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዚያ በኩል ይገባል። ኩላሊቱ ያለቀ ውሻና ያበደ ውሻ መጨረሻቸው ላይ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ለሃጭ አላቸው፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፣ ሁለቱም ምግብ ይተዋሉ። ልዩነቱን በሩቅ ቆሞ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም አልለይም። ስለዚህ ያልተከተበ ከሆነ እንዳበደ ቁጠረው። ግቢ ውስጥ ዝጋበት፣ ልጆቹን አርቅ፣ ባለሙያ ጥራ። የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ቦታው ላይ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ምልክቱ ሰው ላይ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

በተገላቢጦሽም አለ። ያልነከሰ፣ ያላበደ፣ ኩላሊቱ የደከመ ምስኪን ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲንገዳገድ «አብዷል!» የሚል ድምፅ አንድ ጊዜ ከተሰማ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ድንጋይ ያነሣል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ሲንበረከኩ የተቆጣው ወጣት ድንጋዩን ጥሎ የተመለሰባት ከተማ ናት አርባ ምንጭ። ለውሻ ሣር ይዛችሁ ተንበርከኩ አልልም፤ ሽማግሌዎቹም ይስቁብኛል። አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ አድርግለት፣ የክትባት ካርዱን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ያዝ፣ በሩን ዝጋ። ይኼ ይበቃል።

ምን አመጣበት ትለኛለህ። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ውሻ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል፤ እርጅና ራሱ ይበቃል። እናንተ ዘንድ ግን አንድ የምጠረጥረው አለ። ቦቢ ላንቴ ያለው የሙዝ ማሳችሁ ጠባቂ ነበር። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ብሎ የተረተው ሰው ሙዝና በቆሎ ተክሎ አያውቅም፤ ከርከሮና ዝንጀሮ የሚመልሰው ማን ሆነና! ማሳው ውስጥ የመስኖ ቦይ አለ፣ ሞቃትና እርጥብ አፈር አለ፣ አይጥ አለ። አይጥ በሽንቷ ሌፕቶስፓይራ የሚባል ባክቴሪያ ትጥላለች፤ በሞቀና በረጠበ ቦታ፣ በቆመ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ውሻ ከቦዩ ሲጠጣ ወይም በቆሰለ እግሩ ሲያቋርጥ ይገባበትና ኩላሊቱ ውስጥ ይሰፍራል። ድንገተኛ ሆኖ ሊገድለው ይችላል፤ ወይም ደግሞ የዳነ መስሎ ኩላሊቱን እያመነመነ ይቆያል። ለዚህ መድኃኒት አለው። ፔኒሲሊን በመርፌ ወይም ዶክሲሳይክሊን በአፍ ይሰጣል፤ የትኛውና ስንት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ግን ቶሎ መሆን አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉሃል ይኼ ነው።

ሌፕቶ ደግሞ ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቦቢ የሸናበትን ጓንት ሳታደርግ አትጥረግ፤ በበረኪና እጠበው። የእህትህ ልጆች በባዶ እግር እዚያ እንዳይሮጡ። ከእናንተ አንዱን ትኩሳት፣ የባት ሕመምና የዓይን መቅላት ቢይዘው ወባ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ለሐኪሙ «ቤታችን የታመመ ውሻ አለ» በሉት። ቆላ ላይ ሁሉን ትኩሳት ለወባ መስጠት ለምደናል።

ምናልባት ቤት ውስጥ ትልልቆቹ «ጎሜ ነው፣ ክልክል ተጥሷል» ብለውህ ይሆናል። ጎሜን አልንቅም፤ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ሥርዓት ጠብቆ የኖረው በሱ ነው። የሰው ጉዳይ ሲሆን ዱቡሻ አደባባይ እንወጣለን፣ እንታረቃለን። የቦቢ ጉዳይ ግን የሽንትና የደም ምርመራ ነው።

አሁን ስለማትሰጠው ነገር ልንገርህ፤ ይኼም ብዙ ውሻ ገድሏልና። አንደኛ፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። «አነከሰ፣ አሳዘነኝ» ብለህ እናትህ ለወገቧ የምትውጠውን እንክብል እንዳትቆርስለት። ጤነኛ ውሻ እንኳ ሆዱ ይደማል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ቦቢን ደግሞ በቀናት ይጨርሰዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጄንታማይሲን። ለከብት ሲወጋ አይተኸዋል፤ ኩላሊት ላይ ጠላት ነው። ሦስተኛ፣ ለገንዲ የሚወጋው ቤሬኒል። በሬ የሚሸከመውን ውሻ አይሸከምም፤ በመድኃኒትነቱና በመርዝነቱ መካከል ያለው ርቀት ለውሻ ጠባብ ነው። ከብት የወጋው እጅ ሁሉ ውሻ ያክማል ማለት አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»፤ መርፌ የያዘውን ሁሉ ዶክተር እያልህ አታስገባ። የት ተማርክ፣ ይኼ መድኃኒት ስሙ ማነው፣ ስንት ሚሊ ሊትር ነው ብለህ ጠይቅ። የሚቆጣ ከሆነ አይውጋልህ።

ሃለኮውን፣ ሽፈራው የምንለውን ቅጠል፣ ደግሞ አውቀዋለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ሽፈራው የማይፈውሰው በሽታ የለም፤ ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለወገብ፣ ለምቀኛ። ከቁርቁፋ ጋር ተቀቅሎ ሲቀርብ እኔም ሳህኔን ጠርጌ እበላለሁ። ግን ለደከመ ኩላሊት ይጠቅማል የሚል ማስረጃ የለም፤ ካልሲየሙና ፖታሲየሙ ደግሞ ብዙ ነው። ጨምቀህ በመርፌ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ እየጨመርክ እንደሆነ ጎረቤትህ ነግሮኛል። ተው።

ሙዝም እንዲሁ። ማሳው ሙዝ ስለሆነ ውሻው ሙዝ ለምዷል። ኩላሊት ሲደክም፣ በተለይ ሽንቱ ሲያንስ፣ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማችና ልብን ሊያቆም ይችላል። ደሙ ተመርምሮ ፖታሲየሙ ስንት እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሙዙ ይቅርበት።

ምግቡ ላይ እንግዲህ ሰፋ ልበል፤ እዚህ ላይ በገንዘብ ሳይሆን በማስተዋል የሚገኝ ትርፍ አለ። በሠለጠነው ዓለም ለኩላሊት ውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ በከረጢት ይሸጣል። ፎስፈረሱ ተቀንሷል፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ሆኖ ጥሩ ዓይነት ነው፣ ጨውም ተቀንሷል፣ የዓሣ ዘይት አለበት። እዚህ ግን እሱን መጠበቅ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ያለንን እንመልከት። ሲቀላ ሰፈር ካሉት ዓሣ ቤቶች ደጃፍ የምታገኘው የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ለቦቢ የመጀመሪያው ክልክል ነው፤ አጥንት ያለው ሁሉ ፎስፈረስ ነው፣ ፎስፈረስ ደግሞ የቀረውን ኩላሊት ጥፋት የሚያፋጥን ነው። ጉበትና የደረቀ ሥጋም ከዚያው ናቸው። የወጥ ፍርፋሪ ሽንኩርት አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ ደም ይሰብራሉ፣ ደሙ ቀድሞም አንሶታል። ዳጣውንም፣ ያን የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ፣ መቼም ለውሻ የሚሰጥ አይጠፋም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለው ለእኛ ነው፤ በቦቢ ሳህን ውስጥ ጨው አይግባ።

የሚሆነው ምንድን ነው? የእንቁላል ነጩ። አስኳሉን አንተ ብላው፤ ፎስፈረሱ ያለው እዚያ ነው። ነጩ ለውሻ ከሚገኘው ፕሮቲን ሁሉ ንጹሑ ነው ብል አላጋነንኩም። ቀቅለህ ፍርክስክስ አድርግለት። ነጭ ሩዝ በደንብ አብስለህ ቀላቅልለት። ቡላም ይሆናል፤ ከእንሰት የሚገኘው ያ ነጭ ዱቄት ብዙው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑም ፎስፈረሱም ጥቂት ነው፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ቀጠን ያለ ገንፎ አድርገህ ትንሽ የምግብ ዘይት ጨምርበት። ለብ አድርገህ አቅርብ፤ ለብ ያለ ምግብ ሽታው ስለሚነሣ የሚያቅለሸልሸው ውሻ እንኳ ይቀምሳል። አንድ ጊዜ ብዙ ከምታስቀምጥ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ይኼ ግን ለዘለዓለም የሚበቃ ቀለብ አይደለም፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ይጎድለዋል፣ ሐኪሙ ይጨምርበታል። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዝ፦ ትክክለኛውን ምግብ እንቢ ብሎ ከሚራብ፣ ትክክል ያልሆነውን በልቶ ቢያድር ይሻላል። ረኃብ የራሱን ጡንቻ ያስበላዋል፤ ያም መልሶ ኩላሊት ላይ ሸክም ነው።

በሕክምናው ረገድ፣ ማስመለሱን የሚያቆም መድኃኒት አለ፣ ግፊቱን የሚያወርድ አለ፤ አምሎዲፒን የሰው ፋርማሲ ውስጥም ይገኛል፣ መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን። ዋናው ፈሳሽ ነው። ሰው ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ ቦቢ የሚፈልገው ሪንገር ላክቴት ነው። ግሉኮሱን ከቆዳ ሥር አትስጠው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ካሳየህ ቤትህ ውስጥ ትሰጠዋለህ። ከረጢቱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይተህ የሰውነት ሙቀት ያህል አድርገው። በትከሻዎቹ መሐል ያለውን ልቅ ቆዳ በሁለት ጣት አንሣ፤ ድንኳን ሲሠራልህ መርፌውን ከሥሩ፣ ከጀርባው ጋር ትይዩ አድርገህ አስገባ። ከረጢቱን ከፍ አድርገህ ስቀለው። ቆዳው ሥር እብጠት ይወጣል፤ አትደንግጥ፣ ወደ ትከሻው ወርዶ በሰዓታት ውስጥ ይመጠጣል። መርፌውን ስትነቅል ቀዳዳውን ለአንድ ደቂቃ ቆንጥጠህ ያዝ። ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ቀን አንዴ የሚለውን ሐኪሙ በክብደቱና በልቡ አይቶ ይነግርሃል፤ ልቡ ደካማ ከሆነ ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

ለአልትራሳውንድና ለተሟላ ምርመራ ወላይታ ሶዶ ውሰደው፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ከዚያ የባሰ ከሆነ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የታመመ ውሻ ግን በሙቀት ሰዓት አታጓጉዝ፤ ጎህ ሲቀድ ውጣ።

ዲያሊሲስ ጠይቀሃል። አለ፤ በጥቂት የውጭ አገራት፣ ለውሻ ተብሎ። እዚህ ለሰውም ገና በጭንቅ ነው። የሰው ኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ገና ትናንት ማለት ነው። ይኼን ስታነብ «ታዲያ ለውሻ ይኼ ሁሉ ምን አስፈለገ?» የሚል ጎረቤት ይኖርሃል። እሱን እንዲህ በለው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቪየና ውስጥ ኤምሪክ ኡልማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ኩላሊት ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው በውሻ ነው፤ የውሻዋን ኩላሊት አውጥቶ አንገቷ ላይ ካሉት የደም ሥሮች ጋር ሰፋው፣ ሽንትም ወረደ። በ1913 ባልቲሞር ውስጥ ጆን ኤበልና ባልደረቦቹ ደም ከአካል ውጭ የሚያጣራውን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሞከሩት በውሾች ነው፤ ደሙ እንዳይረጋ የተጠቀሙበት ከአልቅት የወጣ ፈሳሽ ነበር። ሆላንዳዊው ቪለም ኮልፍ ለሰው የሚሆነውን የሠራው ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ማሽን ላይ የሚተኛው ወገናችን ሕይወቱ ከእነዚያ ውሾች የተበደረ ነው። ብድሩን ለቦቢ በዲያሊሲስ መክፈል አንችልም፤ በንጹሕ ውሃ፣ በእንቁላል ነጭና በአንድ ከረጢት ሪንገር ግን እንችላለን። ጎረቤትህ ለዚህም ከሳቀ ይሳቅ።

አሁን የማትወደውን ልናገር። ፈሳሽ ተሰጥቶት፣ ማስመለሱ ተይዞ፣ ምርመራው ተደግሞ አሁንም ከ5 በላይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። አንዳንዱ ከዚያ ያልፋል፤ በሱ ላይ ግን አትወራረድ። ቀኑን በቁጥር ሳይሆን በሥራው ለካው። ስትገባ ይነሣል ወይ? ይበላል ወይ? ሽንቱን ራሱ ላይ ሳይለቅ ይወጣል ወይ? ክፉው ቀን ከደጉ ቀን ሲበልጥ፣ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥና ውሃ እንኳ ሲመልስ፣ ያኔ ሐኪሙን ጥራ። በመጀመሪያ የሚያስተኛ፣ ከዚያ ልብን የሚያቆም የማደንዘዣ መርፌ አለ፤ አይሰቃይም። አጠገቡ ሁን፤ በማያውቀው ሰው እጅ ብቻውን አይለቅ። እንባህ ከመጣ አልቅስ፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም»። ወንድ ልጅ ለውሻ አያለቅስም የሚልህ ውሻ ኖሮት አያውቅም።

በብዙ ከተሞቻችን እንደሚደረገው መርዝ የተቀባ ሥጋ እንዳታስብ፤ ስትሪክኒን ጡንቻን ሁሉ እያኮማተረ አእምሮው ሳይስት ነው የሚገድለው። የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ። ወስዶ ነጭ ሣር ፓርክ ጫካ ዳር መጣልም አለ፤ ይኼኛው ደግሞ ከቦቢ አልፎ የዱር አራዊትን ይበድላል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የጨረሳቸው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የመጣው ከቤት ውሾች ነው። በመርፌ የሞተ ውሻ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ ሜዳ ላይ አይጣል፤ የበላው ጅብና አሞራ ይሞታል። ከቦዩና ከጉድጓድ ውሃ ርቀህ፣ ጅብ የማይቆፍረውን ያህል ጥልቅ አድርገህ ቅበረው፤ ድንጋይ ጫንበት።

አሁን ግን ገና እዚያ አልደረስንም። የምፈልገው የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ነው። ሲነሣ በገመድ አውጣውና እግሩን ሲያነሣ ከሥሩ ንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን አስገባለት። ደማቅ ቢጫ ከሆነ ተስፋ አለን፤ ውሃ ከመሰለ የቆየው ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሽንቱን እፍግታ በመሣሪያ ይለካዋል፣ ፕሮቲንና ስኳር መኖሩንም ያያል። ወረቀቱን እንደ ቀድሞው በፎቶ ላክልኝ።

እህትህ ያመጣቻትን ቡችላ ደግሞ አትርሳት። አሁኑኑ ከቦቢ ሽንት ለያት፤ ሳህናቸውም አንድ አይሁን። ሌፕቶን ጨምሮ የሚከላከል የውሻ ክትባት አዲስ አበባ ካሉት ክሊኒኮች ይገኛል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ካልቆየ ግን ውሃ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከመጣ አትቀበል። የአክስትህ ልጅ ሐሙስ በአውሮፕላን ይመጣል ተብያለሁ። ክሊኒኮቹ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አሽገው ይስጡት፣ ቴርሞሜትር አብረው ይክተቱ፤ ሲደርስ ራስህ ከፍተህ እየው።